ተመልካቹን የዓይን እማኝ ያደረገ ፕሮግራም፦ የ«የሌሊቱ ሰማይ» የመጀመሪያ ዓመታት

ሚያዝያ 16 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ምሽት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 24 ቀን 1957። ለንደን ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን (እነሱ 10 ሰዓት ተኩል የሚሉት) ቢቢሲ ቴሌቪዥን አንድ አጭር ፕሮግራም ጀመረ። አቅራቢው የ34 ዓመት ሰው ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ንግግሩ ጥድፊያ የበዛበት፣ በአንድ ዓይኑ ላይ ነጠላ መነጽር የሚሰካ። ስሙ ፓትሪክ ሙር ይባላል። ሰዓቱ ብዙው ሰው ወደ መኝታው የሚያዘግምበት ነው። ፕሮግራሙም ለጥቂት ወራት ይሞከር ተብሎ ተጀመረ እንጂ ረጅም ዕድሜ የተመኘለት አልነበረም።

የፕሮግራሙ ስም «የሌሊቱ ሰማይ» ነው። ሙር በየወሩ እየቀረበ ከ55 ዓመታት በላይ መራው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የቀረው ለአንድ ወር ብቻ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2004 ሐምሌ ወር የተበከለ የዝይ እንቁላል በልቶ ታመመና ሌላ ሰው ተተካ። በዓለም የቴሌቪዥን ታሪክ አንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን ሳይለቅ የመራው ሌላ ፕሮግራም የለም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት፣ ከ1957 እስከ 1961 ያለውን ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህን ዓመታት የመረጥኩት አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው። የሰው ልጅ የሠራው ዕቃ ገና ምድርን መዞር ባልጀመረበት ጊዜ፣ ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ፣ ምስሉም ብዥታ የበዛበት ሆኖ ሳለ፣ ሰማይን የሚያህል ነገር በዚያች ጠባብ መስኮት አሳይቶ ሕዝብን መያዝ እንዴት ተቻለ? ፕሮግራሙን ደጋግሜ ሳጠናው የምደርስበት መልስ አንድ ነው። ሙር ተመልካቹን የነገር ሰሚ አድርጎ አልተወውም። የዓይን እማኝ አደረገው። የሚነግረውን ነገር ተመልካቹ በር ከፍቶ፣ ደጅ ወጥቶ፣ በገዛ ዓይኑ እንዲያጣራው ነበር የሚያቀርበው።

ወደ መጀመሪያዋ ምሽት ልመለስ። የዚያ ምሽት ወሬ ጅራታም ኮከብ ነበረች። በኅዳር 1956 ሲልቫን አሬን እና ዦርዥ ሮላን የተባሉ ሁለት የቤልጂየም ባለሙያዎች ብራስልስ አጠገብ ካለው የኡክል መመልከቻ ጣቢያ በተነሳ ፎቶ ላይ አገኟት፤ ስማቸውንም ወሰደች። ሚያዝያ 1957 ላይ ፀሐይን ዞራ ስትመለስ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ያለ ሰው ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ያለ ምንም መሣሪያ ያያት ነበር። ደግሞ በዚያው ሳምንት አንድ እንግዳ ነገር አሳየች። የጅራታም ኮከብ ጅራት ከፀሐይ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እንደሚዘረጋ የታወቀ ነው፤ የፀሐይ ብርሃንና ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣት ነፋስ አቧራውንና ጋዙን ወደ ኋላ ይገፉታልና። አሬን-ሮላን ግን ከዋናው ጅራቷ ሌላ ወደ ፀሐይ የተቀሰረ፣ እንደ ጦር የሾለ ሁለተኛ ጅራት አወጣች።

ነገሩ የዓይን ጨዋታ ነው። ጅራታም ኮከብ በሄደችበት መንገድ ሁሉ ከባድ ከባድ አቧራዋን እየጣለች ታልፋለች። አቧራው የሚተኛው በምሕዋሯ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ነው። እንጀራን ከላይ ሲያዩት ሰፊ ክብ ነው፤ ጎንበስ ብለው ከጠርዙ በኩል ቢያዩት ግን ክር ያህላል። ምድርም በዚያ ሳምንት የኮከቧን የምሕዋር ገጽ ስታቋርጥ ሳስቶ የተበተነው አቧራ በጠርዙ በኩል ታየን፤ ተደራርቦም ቀጭን ደማቅ መስመር ሆነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምድር ስታልፍ መስመሩ ጠፋ።

እንግዲህ አስቡት። ዕድሜ ልኩን የሰማይን ነገር በወሬ ብቻ ሲሰማ የኖረ ሰው ቴሌቪዥኑን ይዘጋና፣ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣና፣ ስለ እሷ የተነገረላትን ኮከብ ራሷን ቀና ብሎ ይፈልጋል። ሰማዩ ከጠራለት ያገኛታል። በየትም ሀገር ጅራታም ኮከብ ስትታይ የጦርነት ወይም የንጉሥ ሞት ምልክት እየተባለች ለሺህ ዓመታት አስፈርታለች። የዚያን ሰሞኗ ግን ጅራቷ ለምን ወደዚያ እንደተቀሰረ ምክንያቱ ተነግሮላት የምትታይ ኮከብ ሆነች። ለአዲስ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ማስጀመሪያ አይገኝም። እድል ነው፤ ግን ዕድሉን ያወቀበት ሰው በመገኘቱ ነው።

ሙርን ወደዚህ ያመጣው መንገድም ተራ አይደለም። ልጅ ሳለ የልብ ሕመም ስለነበረበት ትምህርቱን በአብዛኛው የተማረው ቤቱ ውስጥ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶቿ የሚናገር የእናቱን መጽሐፍ አንብቦ በዚያው ቀረ። በ11 ዓመቱ የብሪታንያ የሥነ ፈለክ ማኅበር አባል ሆነ። በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይል አገለገለ፤ ከጦርነቱ በኋላ መምህር ነበር፤ ኋላም መጽሐፍ በመጻፍ መተዳደር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ1953 ያሳተመው የጨረቃ መመሪያ መጽሐፍ ስሙን አስጠራው። ሰማይን የሚያየው በራሱ ግቢ በተከለው ባለ 12 ኢንች ተኩል ቴሌስኮፕ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እንግሊዞቹ «አማተር» ይሉታል። ቃሉ እኛ ዘንድ ሲመጣ «ያልበሰለ ጀማሪ» የሚል ትርጉም ይዞ ነው የመጣው፤ ሙር ግን ጨረቃን ሲያይ ያደረባቸው ሌሊቶች ብዙ ደመወዝተኛ ባለሙያዎች ካደሩባቸው ይበልጣሉ።

ሰውየውን መርጦ ካሜራ ፊት ያቆመው ፖል ጆንስተን የተባለ የቢቢሲ ፕሮዲዩሰር ነው። ጆንስተን ስሙ የሚነሳው በአርኪዮሎጂ ፕሮግራሞቹ ነበር፤ ምሁርን ከተራ ተመልካች ጋር ማገናኘት ሥራው ነው። ለአዲሱ ፕሮግራም መለያ የተመረጠው ሙዚቃ የፊንላንዳዊው የሲቤሊየስ ነው፤ ለአንድ ቴአትር የደረሰው፣ በዝግታ የሚነሳ፣ ግርማ ያለው ዜማ። በቢቢሲ ስለ ሰማይ መነገሩ ግን አዲስ አልነበረም። ዛሬ ዓለም ሁሉ «ታላቁ ፍንዳታ» የሚለውን የአጽናፈ ዓለም አጀማመር ስያሜ ፍሬድ ሆይል የተባለው ሳይንቲስት ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ ላይ ነው፤ ያውም ሐሳቡን ሳይቀበለው። ሆይል አፈ ጮሌ ሰው ነበር፣ አድማጩም ብዙ። ነገር ግን ስለ አጽናፈ ዓለም መነሻ የሚነገረውን አድማጩ ደጅ ወጥቶ ሊያጣራው አይችልም። ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው ዕጣው። የሙር ፕሮግራም የተለየው እዚህ ላይ ነው።

በአማርኛ ስለ ሰማይ ለመናገር የሞከረ ሰው ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። «ስለ ከዋክብት ነው የማወራው» ስትሉ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «እስቲ ኮከቤን ንገረኝ» የሚል ነው። ሥነ ፈለክና ኮከብ ቆጠራ ተቀላቅለውብናል። እንግሊዝም በዚያ ዘመን ከዚህ የጸዳች አልነበረችም፤ ጋዜጦቿ በኮከብ ቆጠራ ዓምድ፣ ወሬዋም በበራሪ ሳህን የተሞላ ነበር። ሙር ለሁለቱም ትዕግሥት አልነበረውም። የሚያስገርመው ስድብና ፌዝ አለማብዛቱ ነው። «ውጡና እዩ» ብሎ አድራሻ ይሰጣል፦ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቅጣጫ፣ ከአድማሱ ይህን ያህል ከፍ ብሎ። ለኮከብ ቆጣሪ ከዚህ የከፋ መልስ የለም።

ፕሮግራሙ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዓለም ተገለበጠች። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1957፣ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። መጠኗ 58 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 83.6 ኪሎ ግራም የሆነች የብረት ኳስ ናት፤ ምድርን በ96 ደቂቃ አንዴ እየዞረች «ቢፕ ቢፕ» የሚል የሬዲዮ ምልክት ታሰማ ነበር። የእንግሊዝ ትልቁ የሥነ ፈለክ ሹመት የተሰጣቸው ሪቻርድ ዉሊ ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ፣ በ1956 መጀመሪያ፣ ስለ ጠፈር ጉዞ ተጠይቀው «ፍሬ ከርስኪ ነው» ለማለት ያህል የሚሆን ቃል መመለሳቸው በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። እኚህ ትልቅ ሰው በዕውቀት አልታሙም። ሕዝቡ ግን አንዱን ትልቅ ሰው አምኖ መቀመጥ ምን እንደሚያስከትል አየ።

በዚያ ሰሞን በብዙ ሀገር ሰዎች ከየግቢያቸው እየወጡ በሰማይ የምትሄድ ብርሃን አዩ። ብዙዎቹ «ስፑትኒክን አየኋት» ብለዋል። ያዩት ግን ኳሷን አልነበረም፤ እሷ በዓይን ለማየት እጅግ ትንሽ ናት። ያዩት ኳሷን ያወጣውና ከኋላዋ በምሕዋር ላይ የቀረው የሮኬቱ ትልቅ አካል ነው። እኔ ይህችን ዝርዝር እወዳታለሁ። ማየት ብቻውን እማኝ አያደርግም። ያዩትን ለይቶ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ፣ ጆድሬል ባንክ በተባለ ቦታ፣ በርናርድ ሎቬል የገነባው 76 ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ገና መጠናቀቁ ነበር፤ ወጪው ከታሰበው በላይ ስለሆነ ዕዳው ሰውየውን አንገቱ ድረስ አስጥሞታል። ያንኑ ሮኬት በራዳር ተከትሎ የያዘው ይኸው መሣሪያ ነው። በአንድ ወር ውስጥ የሀገር ኪሳራ የነበረው የሀገር ኩራት ሆነ።

ለ«የሌሊቱ ሰማይ» ይህ በረከት ብቻ ሳይሆን ፈተናም ነበር። እስከዚያ ድረስ ሰማይ የማንም አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የሁለት መንግሥታት ውድድር ሜዳ ሆነ። ሮኬትና ሳተላይት የዕለት ዜና ሲሆኑ በወር አንዴ የሚመጣ የሩብ ሰዓት ፕሮግራም ከዜና ጋር ልሩጥ ቢል ሁልጊዜ እንደዘገየ ይቀራል። የሙር ፕሮግራም ከዜናው ባይሸሽም ሥራውን ለዜናው አላስረከበም። በዚህ ወር የትኛዋ ፕላኔት የት እንደምትታይ መናገሩን ቀጠለ። በእኔ አስተያየት ፕሮግራሙን ያዳነው ይህ ውሳኔ ነው። የ1957ቱን ዜና ብቻ ይዞ ቢሄድ ኖሮ ከ1957 ጋር ይሞት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጉዳይ ግን የዚያን የ«ውጡና እዩ» ዘዴ ወሰን ያሳያል። የጨረቃን ጀርባ ማንም ሰው ደጅ ወጥቶ ሊያየው አይችልም።

ጨረቃ ምድርን በምትዞርበት ጊዜ ልክ በራሷ ዙሪያ አንዴ ስለምትዞር ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ታሳየናለች። ሆኖም እንደ ሰው አንገቷን ትንሽ ትነቀንቃለች፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። በዚህ ንቅናቄ የተነሳ ጊዜ ወስዶ የጠበቃት ሰው ከገጽታዋ 59 በመቶውን ያያል። ጠርዟ ላይ ያለው ሥፍራ ግን ፊት ለፊት የቆመ ሰው ጆሮ እንደሚጠበው ተጣቦና ተጨምቆ ስለሚታይ ካርታ ለማንሳት መከራ ነው። ሙር ወጣትነቱን የፈጀው በዚህ ጠርዝ ላይ ነው። ከዊልኪንስ ጋር፣ እሱም እንደ ሙር ደመወዝ ሳይከፈለው ጨረቃን የሚያጠና ሰው ነበር፣ ጠርዟን በካርታ ላይ ሲያሰፍር ኖረ። ሌሎች «ምን ያደርጋል?» የሚሉት ሥራ ነው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1959፣ ስፑትኒክ በመጠቀች በሁለት ዓመቷ፣ ሶቪየቶች ሉና 3ን ላኩ። ሦስት ቀን ቆይታ ከጨረቃ ጀርባ አለፈችና በ40 ደቂቃ ውስጥ 29 ፎቶ አነሳች። ስልት ይሏል ይህ ነው፤ መንኮራኩሯ ፎቶ ቤቱን በሆዷ ይዛ ነው የሄደችው። ፊልሙ እዚያው ውስጧ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ከዚያም ቀጭን ብርሃን በላዩ ላይ እየተመላለሰ መስመር በመስመር ተነበበና በሬዲዮ ወደ ምድር ተላከ። የመጣው ምስል ጭረትና ብዥታ የበዛበት ነው። ቢሆንም ከሰው ልጅ ዓይን እስከዚያ ቀን ተሰውሮ የኖረው የጨረቃ ጀርባ ሰባ በመቶው ታየ። ፎቶዎቹ በወሩ መጨረሻ ይፋ ሲሆኑ ሙር በ«የሌሊቱ ሰማይ» ላይ በቀጥታ ስርጭት አሳያቸው።

እዚህ ላይ የተመልካቹን ቦታ አስቡት። ምስሉን ያመጣው ባላጋራ የሚባለው መንግሥት ነው። ምስሉ ጭጋግ ይመስላል። ማጣሪያ የለም። ታዲያ ለምን ይመኑት? መልሱ ከምስሉ ጠርዝ ላይ ነበር። ሉና 3 ጀርባውን ብቻ ሳይሆን ከዚህ በኩል የምናውቀውንም ጥቂት ክፍል አብራ አንስታለች፤ ባሕረ ክሪሲየም የሚባለው፣ በባዶ ዓይን እንኳ የሚለየው ሞላላ ጥቁር ጠቃጠቆ ፎቶው ላይ አለ። ጨረቃን ለሁለት ዓመት ተኩል ከሙር ጋር ሲያይ የከረመ ተመልካች ያን ጠቃጠቆ ያውቀዋል። ከሚያውቀው ተነስቶ ወደማያውቀው መሻገር ይችላል። ሙር በኋላ እንደተረከው፣ ሶቪየቶቹም ፎቶዎቹን ከሚታወቀው የጨረቃ ገጽ ጋር ለማገናኘት በእሱ የጠርዝ ካርታዎች ተጠቅመዋል። ያ «ምን ያደርጋል?» የተባለው ሥራ ለሁለቱ የጨረቃ ፊቶች ድልድይ ሆነ።

እማኝም ይሳሳታል። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ረጅም ብሩህ መስመር ታየና የተራራ ሰንሰለት ነው ተብሎ «የሶቪየት ተራሮች» የሚል ስም ወጣለት። ከዓመታት በኋላ ጥርት ያሉ ፎቶዎች ሲመጡ ተራራ የሚባል አልነበረም፤ ከጉድጓድ የፈነጠቀ ብሩህ ብናኝ ኖሯል። ስሙ ከካርታ ተሰረዘ። ሙርም ከስህተት አላመለጠም። የጨረቃ ጉድጓዶች ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው ብሎ ለረጅም ዘመን ተከራክሯል፤ ከአፖሎ ተጓዦች ጋር የመጣው ድንጋይ ግን አብዛኞቹ ከሰማይ በወደቁ አለቶች ምት የተቆፈሩ መሆናቸውን አረጋገጠ። በማርስ ላይ የሚታየው ጥቁር ጥቁር ሥፍራ ዕፅዋት ሳይሆን አይቀርም የሚለውንም የዘመኑን አስተሳሰብ ተጋርቶ ነበር፤ በ1965 የአሜሪካዋ መንኮራኩር ማሪነር 4 በማርስ አጠገብ ስታልፍ ጉድጓዳማ ምድረ በዳ አሳየች፤ አየሯም ከምድር አየር መቶኛ እጁን እንኳ እንደማይሞላ ታወቀ። የፕሮግራሙ ጥቅም እዚህም ይታየኛል። በየወሩ እዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ያለፈውን ቃሉን ደብቆ መሸሽ አይችልም፤ ባለፈው ዓመት ዕፅዋት ያለውን ዘንድሮ አሸዋ ሲል ተመልካቹ ያስታውሰዋል።

አሁን የማተኩርበት በ1961 የሆነው ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሚያስተምረኝ እሱ ነውና።

የካቲት 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1961 ጠዋት፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ደቡብ አውሮፓን አቋረጠ። የአውሮፓ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኃይላቸውን አስተባብረው ጥላውን ከሦስት ሀገር በተራ በቀጥታ ለማሳየት ተነሱ፦ መጀመሪያ ከፈረንሳይ፣ ቀጥሎ ከጣሊያን፣ ከዚያ ከዩጎዝላቪያ። ጥላው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲሮጥ ካሜራው እየተቀባበለው ይከተለዋል ማለት ነው። እስከዚያ ቀን በቀጥታ ስርጭት ሙሉ ግርዶሽ እንዲህ ታይቶ አያውቅም። የሙር ድርሻ የመጨረሻው ጣቢያ ነበር፤ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ያስትሬባጽ የተባለ ተራራ።

ሙር በሕይወቱ ደጋግሞ የተረከው ታሪክ ይህ ነው። ግርዶሽ ሲሆን እንስሳት የመሸ መስሏቸው ይተኛሉ የሚል ነገር አለ። የእዚያ ጣቢያ ዳይሬክተር ይህን ሰምቷልና በሬዎች ወደ ተራራው እንዲወጡ አደረገ። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን፣ ያ ሁለት ደቂቃ አካባቢ የሚቆየው የጨለማ ጊዜ ሲደርስ፣ ካሜራው ከሰማይ ወርዶ በሬዎቹ ላይ ሆነ። ጨለማው በሬዎቹን ስለጋረደ ደግሞ ለተመልካች እንዲታዩ ትልቅ መብራት በራባቸው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ ይስቃል። እኔ ግን አዝናለሁ። ሙሉ ግርዶሽ ማለት ፀሐይ የተሸፈነችበት ቅጽበት ብቻ አይደለም፤ የፀሐይ አክሊል፣ ያ በሌላ ጊዜ ሁሉ በራሷ በፀሐይ ድምቀት የሚዋጠው ነጭ የብርሃን ጸዳል፣ ለሰው ዓይን የሚገለጥበት ነው። አንድ ሥፍራ ላይ ሙሉ ግርዶሽ በአማካይ የሚመለሰው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለዚህ ነገር በሦስት ሀገር መሣሪያ ተተክሎ፣ ባለሙያው በየካቲት ብርድ ተራራ ላይ ቆሞ፣ አውሮፓ በሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ መብራት ተበርቶ በሬ ታየ። ዳይሬክተሩ ሰነፍ አልነበረም። ያሰበው ለተመልካቹ ነው። «ሰማዩ ይሰለቸዋል፣ የሚያውቀውን ነገር ላሳየው» አለ። ስህተቱ ተመልካቹን ማቅለሉ ላይ ነው። በ1957ቱ ረቡዕ ምሽትና በያስትሬባጽ ጠዋት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ አንዱ ሰውን ከቴሌቪዥኑ አስነስቶ ወደ ሰማይ ሰደደው፣ ሌላው ሰማዩን ከቴሌቪዥኑ አውጥቶ ጣለው።

ቀጥታ ስርጭት ብዙ አበሳ ነበረው። በቴሌስኮፕ በኩል ፕላኔት ለማሳየት ተዘጋጅቶ ደመና ሲመጣ የሚታየው ደመና ነው። አንድ ጊዜ ሙር እየተናገረ ትልቅ ዝንብ አፉ ውስጥ ገባችበት፤ ምን ያድርግ፣ ውጦ ቀጠለ። ከስክሪፕት አያነብም ነበር፤ የሚያውቀውን ነገር እንደሚያውቀው ያወራል፣ ያውም በፍጥነት። ከፕሮግራሙ በኋላ ደግሞ ማንም የማያየው ሥራ አለ። ደብዳቤ ይጎርፍለታል፤ በተለይ ከልጆች። በ1908 በተሠራች ዉድስቶክ በምትባል የጽሕፈት መኪና እየመታ ለሁሉም ይመልስ ነበር። ወደ ሥነ ፈለክ ሙያ የገባሁት በእሱ ምክንያት ነው የሚል የእንግሊዝ ሳይንቲስት ስፍር ቁጥር የለውም።

ሰውየውን ግን መልአክ አድርጌ አላቀርበውም። ስለ ስደተኞች የነበረው የፖለቲካ አቋም ጠጣር ነበር፤ በአደባባይም ይናገረው ነበር። እንደ እኔ ዘመዶቹ በስደት ሀገር ተበትነው ለሚኖሩበት ሰው ይህ የሚዋጥ አይደለም። ሆኖም በዚያች ወርኃዊ ሩብ ሰዓት ውስጥ ሰማዩን ለማንም አልከለከለም፤ እዚያ ላይ እመሰክርለታለሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የእነዚያ ዓመታት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ቀጥታ ስርጭት የነበረውን ለማስቀረት ስክሪኑን በፊልም ካሜራ መቅረጽ ይጠይቅ ነበር፤ ውድ ነው፣ ብዙም አልተደረገም። በኋላ ዘመን በማግኔት ቴፕ የተቀዳውም ቴፑ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል እየተባለ ተደመሰሰ። ሙር የተሳተፈበት የ1969ኙ የአፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ማረፍ የቢቢሲ ስቱዲዮ ስርጭት እንኳ በአብዛኛው ጠፍቷል። የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ የቆመበት ሌሊት!

የእኛ ሀገር ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ የዓመቱ ቁጥር ከ«የሌሊቱ ሰማይ» መጀመሪያ ጋር ቢገጥምም በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ከዚያ ወዲህ በኛም ሰማይ ላይ ብዙ አልፏል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ የወረርሽኙ ጊዜ ነበርና ሊያየው የሚመጣው እንግዳ ቀረ፤ ያየው በየደጁ የቆመው የአገሬው ሰው ነው።

ቀጣዩ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ኦገስት 2 ቀን 2027፣ ሙሉ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ፣ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ፣ ግብፅን አልፎ በቀይ ባሕር ላይ ይሻገርና ጅዳንና መካን ይሸፍናል። እዚያ ጨለማው ከአምስት ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ከያስትሬባጹ ከእጥፍ ይበልጣል። እኛ ሀገር በከፊል ይታያል፣ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር እየጨመረ። ጅዳ ውስጥ ስንት አማርኛ ተናጋሪ እንዳለ የማያውቅ የለም፤ ከቀትር በኋላ ጣሪያ ላይ ልብስ ለማስጣት የምትወጣ እህት በዓለም ዙሪያ ሰዎች ቲኬት ቆርጠው የሚጓዙለትን ነገር ከራሷ በላይ ታገኘዋለች። ፀሐይዋ ጥቂት እንኳ እስከቀረች ድረስ ያለ ግርዶሽ መነጽር እንዳታይ፣ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ግን መነጽሩን አውልቃ አክሊሉን በባዶ ዓይኗ እንድታይ፣ ብርሃኑ ብልጭ ሲል ወዲያው እንድትመልሰው፣ ስልኳንም አስቀምጣ ቀና እንድትል ከወዲሁ በአማርኛ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።